ሳሙና፣ ሻምፖና የካላዛር መድኃኒት



የዛሬው ትምህርታችን የሚነሳው ከምሳ በኋላ እጃችንን ከምንታጠብበት ቧንቧ ነው። ወጥ የነካ እጅ በውሃ ብቻ አይጠራም፤ ሳሙና ሲጨመር ግን ቅባቱ ይለቃል። ለምን?

የሳሙና ሞለኪውል ጭንቅላቱ ውሃ ይወዳል፤ ረጅሙ የካርቦን ጅራቱ ግን ውሃን ይሸሻል። በጅራቱ ዙሪያ ያለው ውሃ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስለማይችል ኤንትሮፒው ይቀንሳል። ጅራቶቹ ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ ውሃው ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሳይገጣጥማቸው ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ሚሴል የሚባል ድቡልቡል ይሠራሉ፤ ቅባቱም በውስጡ ይያዛል። ይህ የሚሆነው መጠናቸው ከወሰን ሲያልፍ ነው። ለሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ወሰኑ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 8 ሚሊሞል ገደማ፣ ማለትም 2.3 ግራም ያህል ነው።

ቅርጹን መቆጣጠርስ ይቻላል? በ1976 እ.ኤ.አ. ኢስራኤላችቪሊ፣ ሚቸልና ኒንሃም ቀላል ስሌት አቀረቡ። የጅራቱን ይዘት፣ የጭንቅላቱ ስፋት በጅራቱ ርዝመት ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር እናካፍላለን። ውጤቱ፦

ከ1/3 በታች ከሆነ ድቡልቡል ሚሴል፤
ከ1/3 እስከ 1/2 ከሆነ ዘንግ፤
ከ1/2 እስከ 1 ከሆነ ድርብ ሽፋን ወይም ከረጢት ይሆናል።

አሁን ሻምፖን እንመልከት። በብዙ ሻምፖዎች ውስጥ የሞለኪውሎቹ ጭንቅላቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። የገበታ ጨው ሲጨመር መገፋፋቱ ይቀንሳል፤ ጭንቅላቶቹ ይቀራረባሉ፤ አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ያድጋል። ድቡልቡሉ ወደ ረጅም ዘንግ ይለወጣል፤ ዘንጎቹ ሲጠላለፉ ሻምፖው ይወፍራል። ጨው ከመጠን ካለፈ ግን መልሶ ይቀጥናል።

ፎስፎሊፒድ ደግሞ ሁለት ጅራት አለው። ይዘቱ ስለሚጨምር ድርብ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ሲዘጋ ሊፖዞም ይባላል። ጥቅሙ ለእኛም ቅርብ ነው። በመተማና በሁመራ አካባቢ የሚታወቀው ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎተሪሲን ቢ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከ100 ናኖሜትር ባነሰ ሊፖዞም ሽፋን ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

እኛ መጀመሪያ ቅርጾቹን በቃላችን ስንሸመድድ ለፈተና ቸግሮን ነበር። አሁን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከይዘት፣ ከስፋትና ከርዝመት የተለወጠው የቱ ነው?

መልመጃ፦ ጅራቱ ሳይለወጥ ጭንቅላቱ ቢሰፋ ዘንጉ ወደ ምን ይለወጣል? መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንወያይበታለን ኢንሻአላህ።