«ፊደል አይገባኝም» ወይስ «ፊደል አይታየኝም»?
የዕድሜ ለውጦችና የጎልማሶች ክፍል

በሥነ ልቦና ትምህርታችን ስለ ሕፃናት ዕድገት ብዙ ተምረናል። ሕፃን መቼ እንደሚድህ፣ መቼ አፉን እንደሚፈታ ብንጠየቅ አናጣውም። ነገር ግን ተመርቀን ስንወጣ የሚጠብቁን ሕፃናት ብቻ አይደሉም። በብዙ ቦታ ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጎን ጎልማሶችን ማስተማር አለ። የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር አዛውንት ሳይቀሩ ከፊደል ገበታ ፊት ተቀምጠው ነበር። ዛሬም የጎልማሶች ትምህርት አልቀረም። ስለሆነም ዕድሜ ሲገፋ በሰውነት ላይ የሚመጣውን ለውጥ ማወቅ ከማስተማር ሥራችን የሚለይ አይደለም።

«አይ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ፊደል ይገባኛል!» የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ይህን ሰምቶ «እውነታቸውን ነው፣ አርጅተዋል» ብሎ የሚያልፍ አስተማሪም አይጠፋም። እኛ ግን እስቲ ቀስ ብለን እንመርምረው።

ሀ. ዓይን

በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርብ ስናይ ወፈር፣ ሩቅ ስናይ ጠፍጠፍ ይላል። ይህ መተጣጠፍ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። በ20 ዓመታችን አንድን ጽሑፍ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ አቅርበን አጥርተን ማየት እንችላለን። በ50 ዓመት ግን ግማሽ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ በ60 ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። እጅ ከዚያ በላይ አይረዝም! ይህ ለውጥ ፕሬስባዮፒያ ይባላል። በሽታ አይደለም፤ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የተማረውንም ያልተማረውንም ይደርሰዋል። መምህራኖቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ የስም መጥሪያውን ወደ መስኮት ዞር አድርገው ራቅ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ፊደላችንን እንይ። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት ከቀኝ እግራቸው ግርጌ ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ አንዷ ሰረዝ ነች፣ ሌላዋ ቀለበት። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩትም በአናታቸው ላይ ባለች ጭረት ነው። ቅርብ ለማይታየው ሰው ይህች ምልክት ጨርሶ የለችም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃታት እናት «ቢ»ን ከ«ቤ» ብታምታታ አእምሮዋ ደከመ ልንል አይገባም።

ብርሃንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በደማቅ ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ምስሉ ይጠራል፤ በጨለማ ብሌኑ ይሰፋና ብዥታው ይብሳል። እንግዲህ ጎልማሶችን ማታ በኩራዝ ብርሃን ማስተማር ማለት በጣም በሚቸገሩበት ሰዓት ማስተማር ማለት ነው።

መፍትሔው የንባብ መነጽር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከ+1 እስከ +3 ያለው ይበቃል። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ መነጽር ቢደረግም ባይደረግም ሌንሱ መድረቁን አይተውም። ጥቅሙ ደግሞ ለንባብ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር በአሳም ግዛት 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 751 ሻይ ለቃሚዎች ላይ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የሥራ ውጤት ካልተሰጣቸው በ22 ከመቶ ገደማ በልጧል። ሥራውን አልተማሩም፣ ጉልበትም አልተጨመረላቸውም፤ ቅጠሉ ታያቸው እንጂ።

ነገር ግን ሁሉም ብዥታ አንድ አይደለም። የዓይን ሞራ ከሆነ ሩቁም ቅርቡም ይጨልማል፤ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምና ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ትራኮማ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያሻል። በድንገት የመጣ ሕመም ወይም ማየት አለመቻል ከሆነ ለነገ አይባልም።

ለ. ጆሮና ጥርስ

በዕድሜ የሚመጣ የጆሮ መድከም የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» የመሳሰሉት ቶሎ ይጠፋሉ። ስለዚህ «ሠራ» እና «ፈራ» ሊምታቱ ይችላሉ። መጮህ ብዙ አይረዳም፤ ፊትን ወደ ተማሪው አዙሮ ረጋ ብሎ መናገር ነው እንጂ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ፣ ጀርባ ሰጥቶ ማስረዳት ግን ለእነሱ ዝም እንደ ማለት ነው።

ጥርስ የሚወልቀው ዕድሜ ራሱ ነቅሎት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጥርስ መበስበስና የድድ በሽታ ነው። የፊት ጥርስ የሌላቸው አባት ጮክ ብለው ሲያነቡ ድምፁ ቢያመልጥና ክፍሉ ቢስቅ፣ በማግስቱ ላይመጡ ይችላሉ።

ሐ. ሽበትና መልክ

ሽበት የሚመጣው የጸጉር ሥር ቀለም መሥራት ሲያቆም ነው። «አንዱን ከነቀሉት ሰባት ይበቅላል» የሚባለው ተረት ነው፤ ከአንድ ሥር ያው አንድ ነጭ ጸጉር ተመልሶ ይወጣል። ቀለም የሚቀባ ሰው ቢኖር ነውር የለበትም። ሆኖም በብዙ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ያለው ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ኬሚካል አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ያሳብጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል።

ይህ ከፊደል ጋር ምን አገናኘው ይባል ይሆናል። የሚያገናኘው እፍረት ነው። ሽበቱን በሻሽ ወይም በቀለም የሚሸፍን ሰው ዓይኑ መድከሙንም ይሸፍናል። «አይታየኝም» ማለት «አርጅቻለሁ» ማለት ሆኖ ይከብደዋል፤ «አይገባኝም» ማለት ይቀለዋል። አስተማሪውም ይህን እንዳለ ከተቀበለ ሰውየው ሳይማር ይቀራል።

መ. ምን እናድርግ?

1. በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻ ጠርተን ጽሑፉን አንድ ጊዜ አቅርበን፣ አንድ ጊዜ አርቀን እናስነብብ። ፊደል የማያውቅ ከሆነ ጤፍና ስንዴ ቀላቅለን እናስለይ። ሲርቅ የሚሻል ከሆነ መነጽር እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል።
2. የትምህርቱ ሰዓት በተቻለ መጠን ቀን ይሁን፤ መቀመጫቸውም መስኮት አጠገብ ይሁን።
3. ፊደሉን በወፍራሙ እንጻፍ፤ ልዩ ምልክቷን አጉልተን እናሳይ።
4. አነባበባቸውን በድምፅ ብቻ ሳይሆን በማመልከትም እንፈትን።
5. በሰው ፊት «አይታይዎትም እንዴ?» አንበል። «ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ደቀቀብዎት መሰለኝ» ብንል ጥፋቱ የጽሑፉ ይሆናል፤ ክብራቸውም አይነካም።

ጓደኞቻችን፣ እኛም አንድ ቀን ወረቀቱን ራቅ ማድረጋችን አይቀርም። እስከዚያው ግን ማንንም «አይችልም» ከማለታችን በፊት ታይቶት እንደሆነ እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በአካባቢያችሁ ሰዎች መነጽር ማድረግን የሚሸሹት ለምንድን ነው?
2. ከፊደል ገበታው ውስጥ በአንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ የሚለያዩ ፊደላትን ዘርዝሩ። የትኞቹን አስቀድማችሁ ታስተምራላችሁ? ለምን?