ሌቨር ጠመንጃ ሲከሽፍና ሲነክስ

ምላጩን ሳቡ፤ መዶሻው ወረደ፤ «ቀጭ» ብሎ ዝም። በዚያች ቅጽበት እጅ በልማድ ወደ ሌቨሩ ይሮጣል፤ ከምላጩ ሥር ወዳለችው፣ ወደ ታች ስትገፋ ቀለህ አውጥታ ስትመለስ አዲስ ጥይት ወደምታጎርሰው እጀታ። እጅዎን ይያዙት። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ይቆይና ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቁጠሩ። እኔ እስከ 60 እቆጥራለሁ። የጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ ተመትታ ባሩዱ ዘግይቶ የሚቀጣጠልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መዝጊያው ተከፍቶ ከተገኘ ቀለሁ ፊትዎ ላይ ይፈነዳል።

እዚህ የማወራው በአሜሪካ አጋዘን አዳኞች እጅ ዛሬም ስለማይጠፉት ስለ ዊንቸስተር 94 እና ስለ ማርሊን 336 ዓይነቶቹ ነው። ስለ ውጅግራና ስለ ምንሽር እየሰማ ላደገ ሰው ልዩነቱን ልንገረው። በእነዚያ መዝጊያውን በቀጥታ በእጅ ይዘው ይስባሉ፤ እዚህ ግን መዝጊያውን የሚከፍተውም የሚቆልፈውም ሌቨሩ ነው። ግማሽ መንገድ የሄደ ሌቨር ግማሽ ሥራ ይሠራል፤ ከሚነክሱት ጠመንጃዎች ብዙዎቹም የሚነክሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት ጥይቱን ወይም ቀለሁን ይመልከቱ። ቆጥረው ሲጨርሱ ሌቨሩን ከፍተው የከሸፈውን ጥይት ያውጡ፤ ከዚያ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው ጥይቶቹ በሚደረደሩበት ቱቦ የቀሩትን አንድ በአንድ እያስወጡ ባዶ ያድርጉት። ጥይት ማንሻው ላይና የቱቦው አፍ ላይ የቀረ እንደሌለ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። አሁን የከሸፈውን ጥይት ቂጥ ብርሃን ላይ ያዙሩት።

መለኮሻዋ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ መርፌው አልደረሰባትም ማለት ነው። በአዳዲሶቹ ማርሊኖች ጎን ላይ የምትገፋ መቆለፊያ አለች፤ እሷ ተቆልፋ እያለ መዶሻው መርፌውን ሳይነካ እሷው ላይ ይወድቃል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ግን አይለይም። አጋዘን ፊታቸው ቆሞ ይህን የረሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። መቆለፊያዋ ክፍት ከነበረች ሌቨሩን ያስቡ። የማርሊን መርፌ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ሌቨሩ እስከ መጨረሻው ካልተዘጋ የኋለኛው ቁራጭ ከፊተኛው ጋር አይገጥምም፤ መዶሻው ቢወርድም ምቱ አያልፍም። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ስለሆነ በሞረድ አይንኩት።

ምልክቱ ካለ፣ ግን የእርሳስ ጫፍ የጫረው ያህል ከሆነ፣ ምቱ ደክሟል። ሚኒሶታ ውስጥ በኅዳር ብርድ ይኸው ደርሶብኛል። በበጋ እንደ ሰዓት ይሠራ የነበረ ጠመንጃ ጠዋት ላይ በተከታታይ ሁለት ጥይት ከሸፈበት። ቤት ወስጄ መዝጊያውን ሳወጣ በመርፌው ጎድጓዳ ውስጥ ያለው የድሮ ግሪስ እንደ ሰም ረግቷል። በማጽጃ አጥቤ አደረቅሁትና አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ አልከሸፈም። በእርስዎ ላይ ጽዳቱ ካልፈታው የመዶሻውን ሞላ ይጠይቁ፤ ምላጩ እንዲቀልል ብለው በለስላሳ ሞላ የቀየሩት እንደሆነ የፋብሪካውን ይመልሱ። መለኮሻዋ በደንብ ተጎድጉዳ ሳለ ካልተኮሰ ደግሞ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ያን ጥይት ለይተው ያስቀምጡ፤ ደግመው አይሞክሩት።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ተኩሱ ከወትሮው ያነሰ፣ «ቱፍ» የሚል ከሆነ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጥይት መተኮስ በርሜሉን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ እዚያው ያቁሙ። ሙሉ በሙሉ ባዶ ካደረጉት በኋላ መዝጊያውን ከፍተው የማጽጃ ዘንግ በአፈሙዙ በቀስታ ያስገቡ። እስከ ጥይት መቀመጫው ድረስ ካልወረደ መንገዱ ተዘግቷል፤ ለጠመንጃ ጠጋኝ ይስጡት።

ተኩሶ ቀለሁ አልወጣ ካለ ቀለሁን የሚስበውን ጥፍር ይዩ። ከሥሩ የተጋገረ ጥላሸት ወይም የነሐስ ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይለቃል። ጥፍሩ ንጹሕና ስለታም ከሆነ ጥፋቱ የጥይት መቀመጫው ውስጥ ነው። በ357 ማግነም ጠመንጃ 38 ስፔሻል የሚተኩሱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ የ38ቱ ቀለህ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚያጥር ከፊቱ የጥላሸት ቀለበት ይጋገራል፤ በኋላ ረጅሙ ቀለህ እዚያ ይጣበቃል። የነሐስ ብሩሽና ሟሟ ይበቃዋል። ቀለሁ ወጥቶ ግን ወደ ውጭ ሳይወረወር ውስጥ የሚቀር ከሆነ ሌቨሩን ፈጠን አድርገው እስከ መጨረሻው ይግፉት። በዚያም ካልተወረወረ የወርዋሪው ሞላ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ጥይት አልጎርስ ሲል መጀመሪያ ብሎኖቹን ሁሉ ይሞክሩ፤ እነዚህ ጠመንጃዎች በተኮሱ ቁጥር ብሎናቸው ይላላል። ካቻቪቴው ቀዳዳውን በልክ የሚሞላ ይሁን። በእጅ የተሞላ ጥይት ከሆነ ርዝመቱን ይለኩ፤ የ30-30 ጣሪያ 64.77 ሚሊ ሜትር ነው። የአረሩ ጫፍም ጠፍጣፋ ወይም ለቱቦ ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተደረገለት ይሁን። በቱቦ ውስጥ የአንዱ ጫፍ በፊተኛው መለኮሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሹል ከሆነ በተኩሱ ርግጫ ሊወጋው ይችላል።

በማርሊን 1894 ላይ የታወቀ አንድ ንክሻ አለ፦ ሁለተኛው ጥይት ከቱቦው ወጥቶ ከማንሻው ሥር ይሸጎጣል፤ ሌቨሩ አይከፈትም፣ አይዘጋም። በጉልበት አይታገሉት። አፈሙዙን ደህና አቅጣጫ አስይዘው፣ ራስዎን ከፊቱ አርቀው የቱቦውን ጫፍ ክዳን ይፍቱ፤ ሞላው ስለሚፈናጠር ክዳኑን በመዳፍዎ ይደግፉ። የሞላው ግፊት ሲነሳ ጥይቱ ወደ ቱቦው ይመለሳል። ከደጋገመ የሌቨሩ ጠርዝ ማንሻውን እየፋቀ በልቶታል ማለት ነውና የጠጋኝ እጅ ይፈልጋል።

አንድ ምልክት ካዩ ግን ምንም ነገር ራስዎ አይሞክሩ፦ ከቀለሁ ቂጥ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት። የሽቦ ጫፍ አጥፈው በቀለሁ ውስጥ ግድግዳውን ሲዳስሱ እዚያው ቦታ ላይ ጎድጎድ ካለ ነሐሱ ሊበጠስ ተቃርቧል፤ በመዝጊያውና በቀለሁ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶም ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ክፍተቱን እስኪለካው ድረስ አይተኮስበትም።

ጠግነው ገጣጥመው ሲጨርሱ በመጀመሪያ በባዶ መለማመጃ ጥይት ደጋግመው ያቀባብሉ። ተኩስ ሜዳ ሲደርሱ አንድ ጥይት ብቻ ያጉርሱ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ በኋላ ቱቦውን ይሙሉ።