ጀሪካኑን ሳይሆን ሊትሩን ይጠይቁ

በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ባለ 5 ሊትር የምግብ ዘይት በ1,250 ብር፣ ከጎኑ ደግሞ ባለ 3 ሊትሩ በ720 ብር ተቀምጧል እንበል። (ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የሳምንቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም።) ትልቁ ምንጊዜም ይረክሳል በሚል ልማድ ብዙው ሸማች ባለ 5 ሊትሩን ያነሳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 1,250 ለ5 ሲካፈል ሊትሩ 250 ብር ይመጣል፤ 720 ለ3 ሲካፈል 240 ብር። በወር 15 ሊትር የሚፈጅ አነስተኛ ምግብ ቤት ሦስት ትልልቅ ጀሪካን ቢገዛ 3,750 ብር፣ አምስት ትንንሽ ቢገዛ 3,600 ብር ያወጣል። 150 ብር በወር ለአንዲት ትንሽ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዘይት ላይ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። አንዱ ጀሪካን «5 ሊትር»፣ ሌላው «5 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ካለበት የያዙት ዘይት እኩል አይደለም። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል አንድ ሊትሩ የሚመዝነው 920 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ሊትሩ ሲመዘን 4.6 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል፤ በ1,250 ብር ሲገዛ ኪሎው 272 ብር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። 5 ኪሎው 1,300 ብር ቢባል ኪሎው 260 ብር ነው። በ50 ብር የተወደደ የመሰለው ዕቃ ረከሰ።

የታሸገ ዕቃ ሲገዙ ከዋጋው በፊት የተጣራ ክብደቱን ይዩ። 500 ግራም የነበረ ፓስታ በዚያው 60 ብር 400 ግራም ሆኖ ቢመጣ ባለሱቁ «አልጨመረም» ቢል አልዋሸም። ኪሎው ግን ከ120 ወደ 150 ብር ወጥቷል። ክብደቱ የቀነሰው በ20 በመቶ ሲሆን ዋጋው የናረው በ25 በመቶ ነው።

በመደብ የሚሸጥ ሽንኩርት ላይ የተጻፈ ክብደት ስለሌለ መጀመሪያ ማስመዘን ያስፈልጋል። የ50 ብር መደብ 800 ግራም ከሆነ ኪሎው 62 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የሚበሰብስ ነገር ላይ ደግሞ የሚካፈለው በተገዛው ሳይሆን በተበላው ነው። 5 ኪሎ በ55 ብር ሒሳብ 275 ብር ከፍሎ የገዛ ቤተሰብ አንዱ ኪሎ ቢበሰብስበት፣ የቀረው 4 ኪሎ እያንዳንዱ 68 ብር ከ75 ሳንቲም ወጥቶበታል። በየሁለት ቀኑ በ65 ብር ከሰፈሩ ጉልት ቢገዛ ይሻለው ነበር።