ለብርድ የሚሆን የክር ጫማ እንሥራ

በዛሬው የእጅ ሥራ ዓምዳችን ቤት ውስጥ የሚደረግ ወፍራም የክር ጫማ አሠራር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ብርዱ። ከተማችን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብርድ ሲባል ብዙ ሰው ክረምትን ያስባል፤ እኛ ጋ ግን የባሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት የሚያግድላት ደመና የለም። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የምናየው ለዚህ ነው።

አያቴ ሌሊት ለጸሎት ይነሳሉ። ድሮ የቤቱ ወለል በጭቃ የተለቀለቀ ነበር፤ ሲሚንቶ ከሆነ ወዲህ «ብርዱ በእግሬ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ» ይላሉ። ሲሚንቶ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። ሁለት ካልሲ ቢደርቡም አልረዳቸውም። ለምን? ሱፍ የሚያሞቀን ራሱ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ስንቆም ክብደታችን ያንን አየር ጨፍልቆ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጫማው ከላይ ስስ ቢሆን ግድ የለም፤ ከታች ግን በቀላሉ የማይጨፈለቅ ወፍራም ነገር ይፈልጋል።

የሚያስፈልጉን የሹራብ ክር፣ ሁለት የሹራብ መሥሪያ እንጨት፣ ትልቅ መርፌና የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ናቸው። እንጨቱን እኔ ከቀርከሃ ቀርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፤ ውፍረቱ ከእርሳስ ትንሽ ይቀጥናል። የመንዝ በግ ፀጉር ፈትል ከተገኘማ እሰየው! ሸካራ ቢሆንም ባናና በርኖስ የሚሠራው ከሱ ነው። ክሩን ሁለት አድርጋችሁ ያዙ።

አሁን ሒሳብ መጣ። መጀመሪያ 10 ቀለበት ጀምራችሁ ትንሽ ቁራጭ ሥሩና በማስመሪያ ለኩ። የኔ 6 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአያቴ እግር ዙሪያው 22 ነው፤ 22 ለ6 ሲካፈል በ10 ሲባዛ 36 ተኩል ያህል ይመጣል፤ 36 ቀለበት ያዝኩ። ክሩ ስለሚለጠጥ ከፍ ከማድረግ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ረድፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የቀኙን እንጨት ቀለበቱ ውስጥ አስገቡ፣ ክሩን ጠምጥሙ፣ ጎትታችሁ አውጡ፣ አሮጌውን ቀለበት ልቀቁ። እንዲህ ሲሠራ በሁለቱም በኩል ጎበጥ ጎበጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ አየሩ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ለ24 ሳንቲ ሜትር እግር 22 ሲደርስ ይበቃል። ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በመርፌ በቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ አሳልፉና እንደ ከረጢት አፍ ሳቡት፤ ጣቶች የሚገቡበት ይሆናል። ከዚያ ከጣት በኩል ወደ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ስፉ፣ ተረከዙንም አጥፋችሁ ስፉ።

(አንዳንድ ወንዶች «የሴት ሥራ» እያሉ ይስቁብኛል። ሸማኔዎቻችን እኮ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው!)

ብርድ ልብሱን በእግር ልክ ሁለት ድርብ ቆርጣችሁ ከውስጥ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ስፉት። መሐሉን ጥብቅ አድርጎ መስፋት አየሩን ያጠፋል። ዞሮ ዞሮ ለሽማግሌ ሰው ከብርዱ የሚብሰው መውደቅ ነው፤ የክር ጫማ ሲሚንቶ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስለዚህ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ሦስት ቀጫጭን ቁራጭ አውጥታችሁ ከሥሩ ስፉ። ይህን ሳታደርጉ ለማንም አትስጡ።

ከሱፍ የተሠራውን በፈላ ውኃ አትጠቡት፣ ይኮማተራል። ሁለተኛውን እግር ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የመጀመሪያውን ረድፎች ቆጥራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።

መሥራት የሚፈልግ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ክርና እንጨት ይዞ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ። አሮጌ ብርድ ልብስ ከኔ!