ሲዲ አንብቦ ዲቪዲ እምቢ የሚል ማንበቢያ

አንድ ተመራቂ ተማሪያችን የቤተ ሙከራ ልኬቶቹ የተቀረጹበትን ዲቪዲ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲዲ ያነባል፤ ዲቪዲውን ግን ባዶ ነው ይላል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎም ተስፋ ቆርጦ ነበር።

እኛ አስቀድመን የጠረጠርነው ማንበቢያውን ነው። ሲዲ መነበቡ ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተርና የመረጃ ገመዱ እንደሚሠሩ ያሳያል። ልዩነቱ ያለው በብርሃኑ ላይ ነው። ሲዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር በሆነ ኢንፍራሬድ ሌዘር ሲሆን፣ ዲቪዲ ግን 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ነው። ስለዚህ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል። ከዚህም በላይ በሲዲ ላይ በጎን ለጎን መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በዲቪዲ ላይ 0.74 ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ይበልጥ በጠበበ ነጥብ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። በሌንሱ ላይ ያረፈ ስስ አቧራ ሲዲን ሳያውክ ዲቪዲን እንዳይነበብ ሊያደርግ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ የሚጠረገው ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ነው። (ብዙዎች እንደ ሳሕን እያዞሩ ሲያሹት አይተናል!) መስመሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከእያንዳንዱ ጥቂት መረጃ ብቻ ስለሚያጠፋ፣ ማንበቢያው በስሕተት ማረሚያ ስሌት ይሞላዋል፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ተከታታይ መረጃ ይፈጃል። ሌንሱን የምናጸዳው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነው፤ የሲዲው ጨረር ለዓይን አይታይምና፣ ተከፍቶ እየሠራ ባለ ማንበቢያ ውስጥ መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ከጽዳቱ በኋላ በፋብሪካ የታተመ የፊልም ዲቪዲ አስገባን፤ እሱንም አላነበበም። የተማሪውን ዲስክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወሰድነው፤ ተከፈተ። ልኬቶቹን ያን ጊዜውኑ በሁለት ቦታ ገለበጥናቸው።