አስናቀች ወርቁ፦ ክራሯ ሲቀር የጠፋችብን ተዋናይት

አስናቀች ወርቁ ማን ናት ቢባል አብዛኞቻችን የምንመልሰው አንድ ነው፤ «ክራር ተጫዋቿ ናታ!» ልክ ነው፣ ናት። ነገር ግን የእንጀራዋ ሥራ ቴአትር ነበር። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የብሔራዊ ቴአትር ተዋናይት ነበረች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ክራሯ ሲቀርልን ተዋናይቷ ለምን ጠፋችብን የሚለውን ነው።

አስናቀች አዲስ አበባ ውስጥ በ1927 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። እናቷን ያጣችው በሕፃንነቷ ሲሆን ያደገችው በሰው እጅ ነው። ክራሩንም ራሷ ናት የለመደችው።

ወደ መድረክ የወጣችበትን ዘመን ማሰብ ያስፈልጋል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን ጽፈው ዘመናዊ ቴአትር ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ አጥልቆ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚናገር ወንድ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ወጣች ማለት ስሟ ጠፋ ማለት ነበራ! «አዝማሪ» የሚለው ቃል የሙያ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ስድብም ነበር። ያለ እናት ማደግ ከባድ ጉዳት ነው፤ ግን «አይሆንም፣ አታዋርጂኝ» የሚላትን ሰው ቁጥር አሳንሶላት ይሆን እንዴ እላለሁ። ይህ የራሴ ግምት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ መንገዱን ከጠረጉት ጥቂት ሴቶች አንዷ እሷ ናት። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ትወና የደመወዝ ሥራ እየሆነ መጥቶ ነበር፤ ስድቡ ግን ወዲያው አልቀረም።

ታዲያ የተጫወተችው የት አለ? ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከገባም በኋላ የመድረክ ቴአትርን ቀርጾ ማስቀመጥ የተለመደ አልነበረም። መጋረጃው ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ይዘጋል። ከዚያው ቤት ወጋየሁ ንጋቱን ብንወስድ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ስለተረከው መድረክ ላይ አይተነው የማናውቅ ልጆች እንኳ ድምፁን እንለየዋለን። አስናቀችን ያተረፋት ደግሞ ሸክላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቀረጹት ዘፈኖቿ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፣ በ16ኛው ቅጽ፣ እንደገና ታትመው ዓለም ሰማቸው። ራሔል ሳሙኤልም «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርታላታለች፤ ፊልሙ የወጣው አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ነው።

እኔ ግን ዘፈኗን ስሰማ ተዋናይቷም የምትሰማኝ ይመስለኛል። «እንደ ኢየሩሳሌም»ን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው፣ ስንኙን ከመዝፈን ይልቅ ልትነግረው ስትቃረብ ይሰማታል፤ ልክ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስል። ይህን ክራር ብቻውን አያስተምርም።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እዚህ ኮልፌ የሰፈራችንን አንድ እናት ጠየቅኋቸው። «አይቻታለሁ እንጂ! መድረክ ላይ ስትገባ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር» አሉኝ። ቴአትሩ ምን ይባላል ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እሱንስ ረሳሁት ልጄ» አሉ።