ምርጫን ከነምክንያቱ መጻፍ

የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«የካቲት ሊያልቅ ነው፤ በደቡብ ኦሞ የበልጉ ዝናብ ተቃርቧል። የጂንካው ቤተሰብ ለዕረፍት ወዴት ይሂድ? ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው፤ ጎሽም ይታይበታል። ይሁን እንጂ ዝናብ ከቀደመ የቆላው ጥቁር አፈር ይጨቀያል፤ መኪናም ይይዛል። የቀይ አፈር ከተማ ገበያ በየሐሙሱ ይቆማል፤ በናውና ፀማዩ ይገናኙበታል፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ስለዚህ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ ቀይ አፈርን ቢመርጥ ይሻላል።»

«ይሁን እንጂ» የማጎን መልካምነት አልካደም፤ በወቅቱ ብቻ ገደበው። «ስለዚህ» ደግሞ የመጣው ምክንያቶቹ ከተዘረዘሩ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ቃል አስቀድሞ ይጽፈውና ምክንያት ፍለጋ ይቸገራል።

መልመጃ፦ ወሩ ታኅሣሥ፥ ተጓዦቹም አዋቂዎች ብቻ ቢሆኑ ፍርዱ ምን ይሆን ነበር? አንቀጹን አሻሽላችሁ ጻፉ።